በመደብር ስለሚከማቹ የሊትየም ባትሪዎችና በፓወር ሰፕላይ ኀይል ስለ መሙላት

በአሁኑ ዘመን በየመደብሩ መደርደሪያ ላይ ከሚታዩት ሸቀጦች መካከል የሊትየም ባትሪ ያልገባባቸው እየጠፉ ሄደዋል። የእጅ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ የእጅ ባትሪ፣ የፀጉር መቍረጫ፣ ያለ ገመድ የሚሠራ መሰርሰሪያ፣ በፀሐይ የሚሞላ መብራት፣ እነዚህ ሁሉ ኀይላቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ባትሪ ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴው ይህን ዕቃ እንደ ምስማር ወይም እንደ ቆርቆሮ ሊቈጥረው አይገባም። ምስማር በመጋዘን ውስጥ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ያው ምስማር ነው፤ የሊትየም ባትሪ ግን ማንም ሳይነካው ኀይሉ በየወሩ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል፤ ቅናሹም ከልክ ሲያልፍ ዕቃው መበላሸት ብቻ ሳይሆን ለአደጋ ምክንያት እስከ መሆን ይደርሳል።

ዕቃው ከፋብሪካ ወጥቶ በመርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ የጉምሩክ ሥርዓት ተፈጽሞለት አዲስ አበባ እስኪገባ፣ ከዚያም ከአከፋፋዩ ወደ ቸርቻሪው እስኪተላለፍ ድረስ ብዙ ወራት ያልፋሉ። ባለሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ በቴስተር ሲለካ ከባትሪዎቹ አንዳንዶቹ ደክመው፣ አንዳንዶቹም ፈጽመው ሞተው ያገኛቸዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች ይታዩታል። አንደኛው ዕቃውን በኪሣራ መዝግቦ መጣል ነው። ሁለተኛው የጥገና ሠራተኞች ፓወር ሰፕላይ እያሉ በሚጠሩት መሣሪያ ኀይል ሰጥቶ ማስነሣት ነው። ሁለተኛው መንገድ ገንዘብ የሚያድን ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ያድናል። ነገር ግን ወሰኑን ያላወቀ ሰው የጥቂት ባትሪዎችን ዋጋ አተርፋለሁ ሲል መደብሩን ከነዕቃው ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ባትሪ ሊሞላ፣ የትኛውስ ሊጣል እንደሚገባ መለየት፣ አሞላሉንም በሥርዓቱ ማወቅ ለንግድ ሰው ከሒሳብ አያያዝ ያላነሰ ጥቅም አለው።

የባትሪው ጠባይ

የዚህ ባትሪ ታሪክ ረጅም አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ስታንሊ ዊቲንግሃም በሊትየም የሚሠራና ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ አስገኙ። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ በኦክስፎርድ ኮባልት ኦክሳይድን ለፖዚቲቭ ወገን በማዋል የባትሪውን ጕልበት ወደ አራት ቮልት አደረሱት። በ1985 ደግሞ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ አደገኛውን ንጹሕ ሊትየም ትተው በኔጋቲቭ ወገን ካርቦን አገቡበት። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 ለገበያ አቀረበው። ሦስቱም ሊቃውንት ስለዚህ ሥራቸው በ2019 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተካፍለዋል።

አንዱ ነጠላ ባትሪ ሴል ይባላል። በሴሉ ውስጥ ሁለት ስስ ንጣፎች በአንድነት ተጠቅልለው ይገኛሉ። አንዱ በአሉሚኒየም ላይ የተቀባ የብረታ ብረት ኦክሳይድ ነው፤ ሁለተኛው በመዳብ ላይ የተቀባ ግራፋይት ነው። በመካከላቸው እጅግ ስስ የሆነ የፕላስቲክ መለያ አለ፤ ሁሉም በአንድ ፈሳሽ ርሰዋል፤ ይህም ፈሳሽ እሳት ከነካው እንደ ቤንዚን ይነዳል። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ ሊትየሙ ከኦክሳይዱ ወጥቶ ወደ ግራፋይቱ ይገባል፤ ኀይል በሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ለተለመደው ዐይነት ሴል የመሙላቱ የመጨረሻ ወሰን 4.20 ቮልት ነው። ከዚህ ወሰን አልፎ ቢገፋ ግራፋይቱ ሊቀበለው ያልቻለው ሊትየም በላዩ ላይ እንደ ብረት ይከማቻል፤ ኦክሳይዱም ጽናቱን አጥቶ ሙቀትና ኦክስጅን መልቀቅ ይጀምራል። ሙቀቱ ሌላ ሙቀትን እየወለደ ሲሄድ ሴሉ ያብጣል፣ ይተነፍሳል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። የመኪና ባትሪ ከልክ በላይ ቢሞላ ውሃው ይፈላል፤ ባለቤቱም የተጣራ ውሃ ጨምሮበት ሥራውን ይቀጥላል። የሊትየም ሴል ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም።

ይህ ወሰን ምን ያህል የከበደ ነገር እንደ ሆነ የቦይንግ 787 አውሮፕላን ታሪክ ያስረዳል። በጥር 2013 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ የሊትየም ባትሪዎች በመቃጠላቸውና በመጨሳቸው በዓለም ያሉ የዚህ ዐይነት አውሮፕላኖች ሁሉ ከበረራ ታገዱ። ከተደረጉት ማሻሻያዎች መካከል ባትሪው የሚሞላበትን ከፍተኛ ወሰን ዝቅ ማድረግና ኀይሉ የሚወርድበትን ዝቅተኛ ወሰን ከፍ ማድረግ ይገኙበታል። ከዚያም በኋላ በሚያዝያ 2013 መንገደኞችን ጭኖ በመጀመሪያ ወደ በረራ የተመለሰው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተጓዘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 ነበር። ለአውሮፕላን የተሰጠው ጥንቃቄ፣ ማለት ላይኛውንና ታችኛውን ወሰን ማክበር፣ በትንሽ ሱቅ ጠረጴዛ ላይም የሚያስፈልገው ያው ነው።

መሣሪያው

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ዝቅተኛና ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አድርጎ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሁለት ዋና መቈጣጠሪያዎች አሉት፤ አንደኛው ቮልቱን ይወስናል፤ ሁለተኛው አምፔሩ ከስንት እንዳያልፍ ይከለክላል። በገበያ ከሚገኙት መካከል እስከ 30 ቮልትና 5 አምፔር የሚሰጡት ብዙዎች ናቸው።

ባትሪው ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣው ቻርጀር ወሰኑን ያውቃል፤ ሥራውንም ሲጨርስ በራሱ ያቆማል። ፓወር ሰፕላይ ግን የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ አይመክርም። 4.20 ቢታዘዝ 4.20 ይሰጣል፤ መቈጣጠሪያው በእጅ ተገፍቶ 5 ቮልት ላይ ቢቆም ያለ ማመንታት 5 ቮልት ይሰጣል። ሴሉ ቢሞቅ አያውቅም፤ ቢሞላም አያቆምም። ስለዚህ ዘበኛውም ተቈጣጣሪውም ሠራተኛው ራሱ ነው ማለት ነው።

የሥራው ሥርዓት

በመጀመሪያ ሴሉን በዐይን መመርመር ያስፈልጋል። ያበጠ፣ የተጨፈለቀ፣ ልባሱ የተቀደደ፣ ፈሳሽ የታየበት ወይም እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ሴል ከነጭራሹ ወደ መሣሪያው አይቀርብም። ቀጥሎ ቮልቱ በቴስተር ይለካል፤ ቍጥሩም ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ ሴሉ ሳይገናኝ መሣሪያው በ4.20 ቮልት ላይ ይደረጋል። በመሣሪያው መስኮት ላይ የሚነበበው ቍጥር ሁልጊዜ አይታመንም፤ በጥሩ ቴስተር ማረጋገጥ ይገባል። የአንድ ቮልት ዐሥረኛ ስሕተት በሌላ ሥራ ከቍጥር አይገባም፤ በዚህ ሥራ ግን ከወሰን የሚያሳልፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የአምፔሩ ወሰን ይደረጋል። ደንበኛው ልክ ከሴሉ የመያዝ ዐቅም እኩሌታ ነው። በሴሉ ላይ 2500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተጽፎ ቢገኝ የአምፔሩ ወሰን 1.25 ይሆናል ማለት ነው። ወሰኑን በመስኮቱ ላይ አስቀድመው የማያሳዩ መሣሪያዎች አሉ፤ ለእነዚህ ሴሉ ገና ሳይገናኝ ቀዩንና ጥቍሩን ሽቦ እርስ በርስ አነካክቶ አምፔሩን እያነበቡ መወሰን የተለመደ ነው።

አራተኛ፣ የመሣሪያው መውጫ ተዘግቶ ቀዩ ሽቦ ከሴሉ ፖዚቲቭ፣ ጥቍሩ ከኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ መውጫው ይከፈታል። ሽቦዎቹ የተገለባበጡ እንደ ሆነ ሴሉም መሣሪያውም ይጐዳሉ፤ ስለዚህ መውጫው ከመከፈቱ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ መመልከት ያስፈልጋል። ሴሉን በሽቦ መበየድ አይገባም፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጐዳልና የሴል ማስቀመጫ መጠቀም ይሻላል።

ሥራው ሲጀመር አምፔሩ በተወሰነለት ልክ ጸንቶ ይቆማል፤ የሴሉም ቮልት ቀስ በቀስ ይወጣል። ቮልቱ 4.20 ሲደርስ ብዙ ሰዎች ሞልቷል ብለው ያነሡታል፤ ይህ ግን ገና ሁለተኛው ክፍል የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ቮልቱ ባለበት ይጸናል፤ አምፔሩ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። አምፔሩ ከመያዝ ዐቅሙ ወደ ሃያኛው እጅ ሲወርድ፣ ማለት ለ2500ው ሴል ወደ 0.125 አምፔር ሲደርስ፣ ሥራው ተፈጽሟል። በዚያን ጊዜ መውጫው ይዘጋል፤ ሴሉም ወዲያው ይነሣል። ከተዘጋ መሣሪያ ጋር ተያይዞ ቢያድር ኀይሉ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል፤ ተከፍቶ ቢያድር ደግሞ ከወሰኑ ላይ ሳይወርድ ሲጨነቅ ያድራል። ሥራው በሙሉ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አምፔሩን ከፍ አድርጎ ጊዜውን ማሳጠር የሚፈልግ ሰው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ያተረፈው ሰዓት በሴሉ ዕድሜ ይወሰድበታል።

ሴሉ በሚሞላበት ጊዜ ለእጅ ለብ ቢል የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ሙቀት ከተሰማ ግን ሥራው ወዲያው ይቋረጣል። የተለመደው ሴል የሚሞላበት የአየር ጠባይም ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ አገር ሌሊት፣ ወይም ፀሐይ ባጋለው የብረት መጋዘን ውስጥ ይህን ሥራ መጀመር አይገባም።

ሴሎች ሁሉ አንድ አይደሉም

በመልክ አንድ የሆኑ ሴሎች በጠባይ ይለያያሉ። 18650 የሚባለው ሴል ስሙን ያገኘው ከስፋቱና ከርዝመቱ ነው፤ ስፋቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ነው። ስሙ መጠኑን ይነግራል እንጂ በውስጡ ያለውን አይነግርም። በዚሁ መጠን የሚሠራ ሊትየም የብረት ፎስፌት የሚባል ዐይነት አለ፤ የእርሱ የመጨረሻ ወሰን 3.65 ቮልት ነው። ይህን ሴል በ4.20 የሞላ ሰው ከልክ በላይ ሞልቶታል። ስለዚህ በሴሉ ላይ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት የሚል ጽሑፍ የተለመደውን ዐይነት፣ 3.2 ቮልት የሚል ጽሑፍ ደግሞ ፎስፌቱን እንደሚያመለክት ማወቅ ያስፈልጋል። ጽሑፍ የሌለው ሴል ባለቤት እንደሌለው ጭነት ነውና ባይገዛ ይሻላል።

ሁለት ወይም ሦስት ሴሎች በተርታ ተያይዘው የሚሠሩበት ባትሪም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለሁለት ሴሎች ድምሩ 8.40 ቮልት ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። አንደኛው ሴል 4.00፣ ሁለተኛው 4.40 ቮልት ላይ ቢሆኑ ድምሩ ያው 8.40 ነው፤ ሒሳቡ የተስተካከለ ይመስላል፤ ሁለተኛው ሴል ግን ወሰኑን አልፏል። ስለሆነም የሴሎቹን ሚዛን የሚጠብቅ ሰሌዳ የሌለውን ባትሪ በድምር መሙላት አይገባም፤ እያንዳንዱ ሴል ለየብቻው ይሞላል።

የደከመውና የሞተው

የነጋዴው ዋና ጥያቄ ይህ ነው። ሲለካ 3 ቮልትና ከዚያ በላይ የተገኘ ሴል ከላይ በተገለጸው ሥርዓት ሊሞላ ይችላል። ከ3 ቮልት በታች ሆኖ ከ2 በላይ የተገኘ ሴል ደክሟል እንጂ ተስፋው አልተቈረጠም። ለዚህ ሴል አምፔሩ ከመያዝ ዐቅሙ ወደ ዐሥረኛ እጅ ዝቅ ይደረግለታል፤ 3 ቮልት እስኪደርስም ሠራተኛው ከአጠገቡ አይለይም። ቮልቱ አልወጣ ካለ ወይም ሴሉ መሞቅ ከጀመረ ሥራው ይቆማል፤ ሴሉም ይጣላል።

ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ ሴል ግን ከነጭራሹ አይሞላም። ምክንያቱም ኀይሉ እስከዚህ ሲወርድ በኔጋቲቭ ወገን ያለው መዳብ በፈሳሹ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። ኋላ ኀይል ሲሰጠው የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ እንደ ገና ይረጋል፤ ቀስ በቀስም ሁለቱን ንጣፎች የሚያገናኝ ድልድይ ሊሠራ ይችላል። ክፋቱ እንዲህ ያለው ሴል በጠረጴዛው ላይ ደኅና መስሎ መሙላቱ ነው። 4.20 ደርሶ፣ ተሽጦ፣ ደንበኛው ቤት ከገባ በኋላ ሊቃጠል ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ሴል ዋጋ አይደለም፤ የሰው ቤትና የነጋዴው ስም ነው።

ከ200 ሴሎች 12ቱ ሞተው ቢገኙ ኪሣራው ከመቶ ስድስት እጅ ነው። ይህን ያህል ኪሣራ በዋጋ አወጣጥ ጊዜ አስቀድሞ ሊታሰብ፣ ከላኪውም ጋር በውል ሊወሰን ይችላል። ከአንድ የተቃጠለ መጋዘን የሚመጣው ኪሣራ ግን በምንም ዋጋ ላይ ሊታከል አይችልም።

ተነሥቶ የሞላው ደካማ ሴልም ወዲያው ለሽያጭ አይቀርብም። አንድ ሳምንት ለብቻው ተቀምጦ እንደ ገና ይለካል፤ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከ4 ቮልት በታች ወርዶ ከተገኘ በውስጡ ስውር መፍሰሻ አለና ይወገዳል። የሚወገዱት ሴሎች ጫፋቸው በቴፕ ተሸፍኖ፣ ከሌላው ዕቃ ርቀው አሸዋ ባለበት ብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መብሳት፣ መቀጥቀጥ ወይም ከቤት ጥራጊ ጋር መጣል አይገባም።

ስለ መብራት መጥፋት

ሴሉ በመሞላት ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሠራተኛው በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ሴሉን ከመሣሪያው መለየት ነው። መብራቱ ሲመለስ አንዳንዱ መሣሪያ መውጫውን ዘግቶ ይነሣል፤ አንዳንዱ ከፍቶ ይነሣል፤ አንዳንዱም የተሰጠውን ወሰን ይረሳል። ስለዚህ ቮልቱና አምፔሩ እንደ አዲስ ሳይመረመሩ ሴሉ አይመለስም።

መሣሪያው እንደ ሚዛን

ፓወር ሰፕላይ በጥንቃቄ ለያዘው ነጋዴ ሌላም አገልግሎት አለው፤ የሐሰት ጽሑፍን ያጋልጣል። በ18650 መጠን ከሚሠሩት ደኅና ሴሎች ትልቁ የመያዝ ዐቅም ከ3600 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙ አይርቅም። በገበያ ግን 9900 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ሴሎች ይታያሉ። እስከ 3 ቮልት የወረደ እንዲህ ያለ ሴል በግማሽ አምፔር ቢሞላ፣ ጽሑፉ እውነት ከሆነ ሃያ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይገባዋል። በሦስት ሰዓት ሞልቶ ከተገኘ ግን የገባበት ኀይል ከ1500 አያልፍም። አስመጪው ሙሉ ጭነት ከማዘዙ በፊት ጥቂት ናሙና አስመጥቶ በሰዓትና በአምፔር ቢመዝናቸው፣ ገንዘቡንም የደንበኞቹንም አመኔታ ያድናል።

በጕዞና በመጋዘን

በ2010 መስከረም 3 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከዱባይ የተነሣ አንድ የጭነት ቦይንግ 747 በጭነቱ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ወደቀ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ከጭነቱ መካከል ብዙ የሊትየም ባትሪዎች ነበሩ። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ ለብቻቸው የታሸጉ የሊትየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጫኑ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲላኩም ኀይላቸው ከመቶ 30 እጅ እንዳያልፍ ታዝዟል። እነዚህ ባትሪዎች በጭነት ሰነድ ላይ የሚታወቁት በተባበሩት መንግሥታት ቍጥር 3480 ነው። አስመጪው 38.3 የሚባለው ፈተና ለመፈጸሙ ማስረጃ ከላኪው መጠየቅ ይገባዋል።

በዚህ መጠን የተላኩ አዳዲስ ሴሎች ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 ቮልት አካባቢ ይነበባሉ። ካርቶኑ ሲከፈት ሁሉንም ለክቶ መመዝገብ፣ ከጓደኞቹ በብዙ ዝቅ ያለውንም መለየት የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባል። ለመቈየት የሚቀመጡት ፀሐይ በማይመታው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ እስከ እኩሌታ ተሞልተው ቢቀመጡና በየጊዜው ቢለኩ እስከ መሞት አይደርሱም። እንዲህ ያደረገ ባለሱቅ የሞተ ሴል ለማስነሣት የሚቸገርበት ምክንያት አይኖረውም።

የሚሞላበት ጠረጴዛ ደግሞ ከካርቶን፣ ከመጋረጃና ከነዳጅ የራቀ፣ በሸክላ ንጣፍ ወይም በሲሚንቶ ላይ የተደረገ ይሁን። ሰው በሌለበት፣ ወይም ሰው ተኝቶ ሳለ ሴል አይሞላ። ሴሉ ማብጠት ወይም ማፏጨት ከጀመረ መብራቱን ማጥፋት፣ ጢሱ መርዝ ነውና ሰዎችን ከክፍሉ ማስወጣት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችንም መጥራት ያስፈልጋል።

አባቶች ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ለዚህ ሸቀጥ ቅጠሉ አንድ ቴስተር፣ አንድ መዝገብና ሁለት ወሰኖች ናቸው፤ ከ4.20 በላይ አለመሙላት፣ ከ2 በታች የወረደውንም ያለ ጸጸት መጣል።